ያልተመዘነው መስመር

የጎመን ቅጠል በጥፍር ሲቆረጥ የሚወጣውን ሽታ ታውቀዋለህ? አፍንጫን ቆንጥጦ ዓይን ያስነባል። ዛሬ ጠዋት ንፋስ መውጫ ገበያ አንዲት ሴት ጎመን ስትቀነጥስ አጠገቧ ቆሜ ቀረሁ። ልገዛ መስሏት፣ "ለስንት ሰው ነው?" አለችኝ። ሳልገዛ ተመለስኩ።

ልጅ ሳለሁ የኖርኩት ከአክስቴ ጋር ነበር፤ እሷና እኔ ብቻ። ከስማዳ ስትዳር እናቷ በትንሽ ቅል የጎመን ዘር አስይዛት ነበር። ባሏ ሞተ፣ ልጅም አልወለደችም፤ ዘሩን ግን በየክረምቱ ትዘራው ነበር።

አንድ ክረምት አንዲት ወጣት ተመራማሪ መጥታ የጓሯችንን መሬት ለሙከራ ጠየቀች። ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የሰበሰበችውን የጎመን ዘር በየመስመሩ ዘራች። ሲበቅል አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም፤ ግንዱ የሚጠቁር አለ፣ ቅጠሉ የሚሰፋ አለ፣ ከሁሉ ቀድሞ ለማበብ የሚቸኩል አለ። በየመስመሩ ራስ ቁጥር የተጻፈበት ችካል ቆመ። አንዱ መስመር የአክስቴ ዘር ነበር። ብዙ ፍሬ የሰጠው ተመርጦ፣ ተባዝቶ ለገበሬ እንደሚታደል ተመራማሪዋ ነገረችን።

ከዚያ ወዲያ አክስቴ ጠዋት ጠዋት ከመስመሯ ዳር አትጠፋም። "እኔ አልወለድኩም" አለችኝ አንድ ቀን፣ "እሱ ይውለድልኝ።" ጎረቤታችን በአጥር አሻግራ ትስቅባት ነበር፤ "ለጎመንሽ ቁጥር አንጠለጠልሽላት? መስከረም ሲጠባ ትምህርት ቤት ልታስገቢያት ነው?"

በፍልሰታ ጾም ከቤተ ልሔም የድጓ ትምህርት ቤት የመጣ የቆሎ ተማሪ ደጃችን ቆሞ "በእንተ ስማ ለማርያም" አለ። ዝናብ ያራሰው ደበሎው የበግ ጠረን አለው። ቤት ውስጥ ከደረቅ እንጀራ በቀር ምንም አልነበረም።

"ጓሮ ሙሉ ጎመን እያለ ተማሪ በደረቁ አይበላም" ብላ አክስቴ ወጣች። ቀሚሷን ሰብስባ፣ የሰው ዘር እንዳትነካ እየተጠነቀቀች በመስመሮቹ መሃል አለፈችና ከራሷ ብቻ ቀነጠሰች፤ ለጋ ለጋውን፣ ጫፍ ጫፉን። ተማሪው ጠግቦ፣ መርቋት ሄደ።

ተመራማሪዋ ስትመለስ የተቀነጠሰውን መስመር አየች።

"ምነው እማማ፣ ከሁሉም እኩል በቀነጠሱ ኖሮ! ከአንዱ ብቻ ሲሆን እኮ ማወዳደር አይቻልም።"

"የሰው እንዴት እነካለሁ፣ ልጄ?"

ተመራማሪዋ ራሷን ነቀነቀችና ችካሉን ነቀለችው።

ኅዳር ላይ ሌሎቹ መስመሮች ታጨዱ፣ ተወቁ፣ ተመዘኑ። የአክስቴ ብቻውን ቆሞ ቀረ። ነፋስ ሲነካው የደረቀው ፍሬ ይንሿሿ ነበር። የተመራማሪዋ መኪና ኮረብታውን እስክትዞር አክስቴ ቆማ አየቻት። "የኔን ሳትመዝነው ሄደች" አለች። ከዚያ ማጭድ ይዛ ገባች፤ ቁርበት ላይ ወቅታ፣ አበጥራ፣ ወደ ቅሉ መለሰችው።

እሷ ካረፈች ወዲህ ቅሉ እኔ ጋ ነው። መሬት የለኝም። በኪራይ ክፍሌ ደጃፍ፣ አፉ በተቆረጠ ጄሪካን ጥቂት ዘርቼ ነበር፤ በቀለ፣ ቅጠሉም ሰፋ። ሰው ሲመጣ እቀነጥስለታለሁ እያልኩ ቆየሁ።

ዛሬ ከገበያ ስመለስ ሳይቀነጠስ አብቦ፣ ዘር ሊይዝ ሲል አገኘሁት።