መገልበጥ በእንግሊዝኛ ስንት ስም አለው

ከጎንደር የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው። ከአራዳ እስከ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ በሚኒባስ ሦስታችንም ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመን ስንሄድ እናቴ መስኮቱን፣ አባቴ እኔን ያያሉ። አባባ መሪጌታ ናቸው፤ ብዙ አይናገሩም።

«ምነው፣ ሥራው ምን እንደሆነ እንኳ ሳትነግሪን ልትሄጅ ነው?» አሉኝ።

«ሽማግሌና አሮጊት መጦር ነው አባባ።»

«ሸጋ ነው። መጦርማ ጽድቅ ነው» አሉ።

ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ወረቀት በአረጋውያን ማዕከል ሦስት ዓመት እንደሠራሁ ይናገራል። እኔ ግን ዕድሜዬን ያሳለፍኩት አራዳ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ሜትር ይዤ ስለካ ነው። ወደ እንግሊዝ የሚልከኝ ደላላ ከእኔ በፊት እዚያው መጦሪያ ቤት ያስቀጠራትን ልጅ ወረቀት ገልብጦ ስሜን አስገባበት። «ይሄ ነገር አያስጠይቅም?» ስለው፣ «እሷን ማን ጠየቃት? ገብታ እየሠራች አይደል! ፈርሚ» አለኝ። ፈረምኩ። ይህን ስጽፍላችሁ አፌን ይመረኛል፤ ግን የራሴን ደብቄ የሰውን ብቻ ባወራ ምን ይረባል።

የገባሁበት ሰሜን እንግሊዝ ያለ ትንሽ ከተማ ነው። ዝናቡ እንደኛ ክረምት ነጎድጓዱን አሰምቶ፣ ጎርፎ አይወጣለትም፤ እንደ ሕፃን ንፍጥ ቀኑን ሙሉ ይዝረከረካል። ምግቡንማ አታንሱብኝ። የተፈጨ ድንች ላይ ቡናማ ውኃ ያፈሱበትና «ግሬቪ» ይሉታል። የመጦሪያ ቤቱ ኮሪደር ግሬቪና ሽንት ይሸታል፤ በላዩ ላይ የአበባ ሽቶ ይረጩበታል። ያ ሽታ እስካሁን ከልብሴ አልለቀቀም።

አለቃችን ሊንዳ ትባላለች። በመጀመሪያው ቀን ታብሌት ሰጥታኝ እያንዳንዱ ተጧሪ ምን እንደበላ፣ ቆዳው እንዴት እንደዋለ በየቀኑ እንደሚመዘገብ አሳየችኝ። ቀጥላ አንድ ቁልፍ ነካች። የትናንቱ ጽሑፍ እንዳለ መጥቶ የዛሬው ቀን ላይ ቁጭ አለ።

«ይሄ ዱፕሊኬት ይባላል» አለች።

«ኮፒ ማለት ነው?»

ፊቷ ተኮሳተረ። «ኖ፣ ኖ! ኮፒ አንልም፤ መጥፎ ቃል ነው። ካሪ ፎርዋርድ በይው።» የትናንቱን ተሸክሞ ወደ ዛሬ ማሻገር ማለቷ ነው። «ከትናንት የተለየ ነገር ካላየሽ ሪፒት ታደርጊያለሽ።»

«ሰውየውን ጭራሽ ካላየሁትስ?»

«ካላየሽውማ የተለየ ነገር አላየሽም።»

ሳቄ መጣ። ወዲያው ግን እኔም ማድረግ ጀመርኩ። ለሁለት ሠራተኛ አሥራ ስምንት ሰው ነበርና ማን ጊዜ አለው?

ከተጧሪዎቹ መካከል ዶሪን የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። እጄን በሁለት እጃቸው ይይዙና «ይሞቃል» ይሉኛል፤ ሌላ ወሬ የላቸውም። ለአሥራ አንድ ቀን ስለሳቸው «ቁርሷን በደንብ በላች፤ ቆዳዋ ደህና ነው» የሚለውን እየገለበጥኩ አለፍኩ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ካልሲያቸውን ላወልቅ ስስበው እምቢ አለ። ከተረከዛቸው ሥጋ ጋር ተጣብቋል። በውኃ አርሼ ሳላቅቀው ሽታው ፊቴን መታኝ፤ ጣት የሚያስገባ፣ ጠርዙ የጠቆረ ቁስል። እሳቸው አላለቀሱም። «ሶሪ» አሉኝ። እኔን! መታጠቢያ ቤት ገብቼ አስመለሰኝ። ከቁስሉ ይልቅ የገዛ ጣቴን ነው የተጸየፍኩት።

ከዚያ መዝገቡን ወደ ኋላ አየሁት። ለወራት ያው ዐረፍተ ነገር፣ ያው የፊደል ስህተት። ለገና ልጃቸው ቤት ሄደው በሰነበቱባቸው ቀናት እንኳ እዚህ ቁርሳቸውን በደንብ በልተዋል!

የዚያን ዕለት ያየሁትን እንዳየሁት ጻፍኩ። ሊንዳ ቢሮ ጠራችኝ።

«ይሄን ሪፍሬዝ አድርጊው።»

ሌላ ቃል! «ምን ማለት ነው?»

«ያንኑ ነገር፣ ለስለስ ባለ አነጋገር።»

«ቁስል ለስለስ ሲል ምን ይባላል?» አልኳት።

መሳቢያዋን ከፍታ የእኔን የሥራ ልምድ ወረቀትና የዚያችን ልጅ ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጠች። «ቃል በቃል አንድ ነው» አለች። «ይሄ ኮፒ ነው።»

ለካ ቃሉን ታውቀዋለች! ለነሱ ሲሆን ካሪ ፎርዋርድ፣ ለእኔ ሲሆን ኮፒ። ንዴቱ ከፍርሃቱ በለጠ። ወጥቼ፣ ሌላ ሰው ለማየት የመጣችውን ነርስ እጇን ይዤ ዶሪን ክፍል አስገባኋት። ነርሷ ተረከዙን አየችና አምቡላንስ ጠራች።

በዚያው ሳምንት ሥራ እንዳልገባ ተነገረኝ። ስለ ቪዛዬ ደብዳቤ ይመጣል ተብዬ እየጠበቅኩ ነው። ሆስፒታል ደውዬ ስለ ዶሪን ስጠይቅ «ዘመድ ነሽ?» ይሉኛል። አይደለሁም ስላቸው ስልኩን ይዘጉታል።

እሁድ ወደ ቤት ደወልኩ። የቁስሉን፣ የመዝገቡንና የሊንዳን ነገር ለአባባ ነገርኳቸው።

«እግዚኦ! ሰው በሰው ላይ እንዲህ ያደርጋል?» አሉ። ትፍ ሲሉ ሰማሁ። «አንቺ ግን እውነቱን ጻፍሽ፤ አኮራሽኝ። በጸሎት ላስባቸው፣ ስማቸውን ንገሪኝ።»

«ዶሪን።»

«ዶሮ?»

«ዶሪን፣ አባባ። ዶ… ሪን።»

ሦስቴ አስደገሙኝ። ቀስ እያሉ «ዶሪን፣ ዶሪን» ሲያጠኑት እማዬ ከኋላ «መቼ ትመጫለሽ በላት እንጂ!» ትላለች። እኔም የገለበጥኩበትን አሥራ አንድ ቀን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ።

«ምነው ዝም አልሽ ልጄ?» አሉ።

«መስመሩ ነው አባባ» አልኳቸው።