የዘውድነሽ አሥራት

ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን ዲከረንስ ያልተከለ ሰው የለም። ዛፉ ቶሎ ይደርሳል፤ ከሰሉም ገበያ አያጣም። ጎረቤቴ ወይዘሮ ዘውድነሽ የገብስ ማሳዋን ሳይቀር በእሱ ሸፍና ልጆቿን አስተምራበታለች። አምና ግን ቅጠሉን ዝገት መሳይ በሽታ መታውና ኮረብታዋ ላይ ያለው ዛፍ በሙሉ በቁሙ ደረቀ። በባዶው መሬት ላይ ምን እንደምትተክል ጨነቃት።

መልስ ፍለጋ ወደ ገበሬ ማሰልጠኛው ሄደች። ማስተዋል የምትባል ባለሙያ የአየሩ መሞቅና የዝናቡ መዛባት ዛፍን እንደሚያዳክም፣ አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ በሞላበት አገር ደግሞ በሽታ ከማሳ ማሳ ያለ ከልካይ እንደሚዛመት ነገረቻት። እንደ ኮሶ ያሉ አገር በቀል ዛፎችን ቀላቅሎ መትከል ለንቡም፣ ለወፉም፣ ለምንጩም እንደሚበጅ አከለችበት። ዘውድነሽ ስትመለስ ደጄ ላይ ቆማ፣ ከአማርኛ ወደ አውኚ እየዘለለች፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ሲወርድ እንኳ ሳታውቀው አወራችልኝ። ነገሩን በመጽሐፍ አንብቤው ነበር፤ ሰውን እንዲህ ሲያስደስት ግን አላየሁም።

ከሰል ነጋዴው አየነው ወሬውን ሰምቶ፣ "እንግዲህ ከከሰል አውጥተሽ ኮሶ ልታጠጪን ነው?" አላት።

"አንተማ ከሁሉ ቀድመህ ያስፈልግሃል" አለችው።

የቸገረው ዘሩ ነበር። ያረጁ ኮሶዎችና ጥቁር እንጨት የሚባለው ዛፍ የቀሩት በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ብቻ ነው። ከዚያ ደግሞ የወደቀ ጭራሮ እንኳ አይወጣም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፈራ ተባ እያለች ቄሰ ገበዝ ኪዳኑ ፊት ቀረበች።

"አባ፣ ከሥራቸው የወደቀውን ዘር ብለቅም ድፍረት ይሆንብኛል?"

ቄሰ ገበዙ ቀና ብለው ዛፎቹን አዩ። "ወፏም ትወስዳለች፤ አስፈቅዳኝ ግን አታውቅም" አሉ። "ልቀሚ። ከበቀለልሽ አሥራቱን ለደብሩ ታስገቢያለሽ።"

ኮሶው ብቅ ያለ ዕለት በማለዳ ጠራችኝ። መደቡ ላይ ጎንበስ ብለን ያንን ለምለም ነገር ስናይ ሁለታችንም አማተብን። ክረምት ሲገባ ከየአሥሩ አንድ አንድ ችግኝ ለይታ፣ በቅርጫት ተሸክማ ወደ ደብሩ ወሰደች። ቄሰ ገበዙ ጉድጓዱን ራሳቸው ቆፍረው ጠበቋት። ከቀረው አብዛኛው ኮረብታዋ ላይ ተተከለ።

ሰንበት ብሎ አየነው መጣ። ከሰሉ ሲቀዘቅዝበት ለያዛቸው ንቦች የጥቁር እንጨት ችግኝ ፈልጎ ነው።

"ከኮሶው ጋር ካልሆነ አይሰጥም" አለችው።

ሁለቱንም ተሸክሞ ሄደ።