ሰባት ኮሶ በሙሽራው ግላስ ላይ

እልል በሉ! አልተቆረጡም! መጋዝ ሳቢዎቹ መጋዛቸውን እንደተሸከሙ ወደ ሮቤ ተመልሰዋል! ምኑ ነው ያልተቆረጠው? ቆይ፣ ደስታው አፌን አጣደፈው፤ ከነገሩ ባለቤት ልጀምር።

አዴ ጁሀራ ከጠቅላይ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት በስተጀርባ የሚኖሩ፣ የጎባ ጥልፍ ጠላፊ እናት ናቸው። በሠርግ ቀን የሙሽራው ፈረስ የሚለብሰውን ግላስ የሚያስጌጡት እሳቸው ናቸው፤ ስልሳን አልፈውም መርፌ ላይ ክር የሚሰኩት በራሳቸው ዓይን ነው። አንድ አመል አላቸው፤ ያላዩትን አይጠልፉም። ሙሽራው ወደሚነሳበት ቀዬ በእግራቸው ሄደው፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ኮረብታውን እስኪጠግቡ አይተው ይመለሳሉ።

ዘንድሮ ረጋሳ ልጁን ለታን ሊድር ተነሳ። «አዴ፣ ሙሽሪት የጎሮ ልጅ ናት። አማቾቼ አገሬን እንዲያዩልኝ ከምንጩ በላይ ያለውን ደኔን ይጥለፉልኝ» አላቸው። ደን ይበለው እንጂ፣ ለጣውላ እያለ ሲያስቆርጠው ኖሮ የቀረው ሰባት የኮሶ ዛፍ ነው። ሰባቱንም ከሠርጉ በፊት ሊያስጥል ከመጋዝ ሳቢዎቹ ጋር ተስማምቷል። አዴን ያንገበገባቸው ይኸው ነው፤ ውሃ የምንቀዳበት ምንጭ አሁንም በበጋ አንድ እንስራ ለመሙላት እስከ ቀትር ያስቆማል፤ ኮሶዎቹ ከወደቁማ አለቀለት።

ግላሱ ሲያልቅ ረጋሳ መጥቶ ዘረጋው። ጉቶ፣ ጉቶ፣ ጉቶ፤ መሀል ላይ ሰባት አረንጓዴ ዛፍ። ወጣና ከመሀመድአወል ሱቅ አንድ ጥቅል አረንጓዴ ክር ይዞ ተመለሰ!

«አዴ፣ ክር ሲያልቅብዎት ምነው ቢነግሩኝ?»

«ክሩማ ሞልቷል። ያለቀው ዛፉ ነው።»

«ኧረ ሠርግ ነው! በጉቶ ሊያሳፍሩኝ ነው?»

«እኔ ቆረጥኩት እንዴ? ወላሂ፣ ያየሁትን ነው የጠለፍኩት። ሰባቱን ስትጥል መልሰህ አምጣው፤ ተርትሬ ጉቶ አደርግልሃለሁ። እስኪ ሂድና ካንተ ሠርግ ግላስ ጋር አስተያየው!»

ረጋሳ እያጉረመረመ ቤቱ ገባ። አዴ ራሳቸው ከሠላሳ ዓመት በፊት የጠለፉለትን ግላስ አውጥቶ ከአዲሱ ጋር አጥር ላይ ሰቀለው። በአሮጌው ላይ አረንጓዴው ከመጠቅጠቁ የተነሳ ጨርቁ አይታይም፤ ምንጩም በሰማያዊ ክር ክንድ አክሎ ይወርዳል። በአዲሱ ላይ ሰማያዊዋ አንዲት ክር ብቻ ናት። ቀና ብሎ ኮረብታውን አየ። ቁርጥ አዲሱን! ሲቆርጥ የኖረው አንድ አንድ እያለ ነበርና፣ ሁሉን ባንድ ላይ ያየው ያን ጊዜ ነው።

ዛሬ ጠዋት መጋዝ ሳቢዎቹ ሲመጡ «እነዚህ ሰባቱ ሚዜዎች ናቸው፤ አይነኩም!» ብሎ መለሳቸዋ።

ያመጣውን አረንጓዴ ክር ግን አዴ አልጠለፉበትም። «ዙሪያውን ችግኝ ትከል። ፈረስህን ሲያክል ና፣ እጨምርልሃለሁ» ብለው ሳጥናቸው ውስጥ ቆለፉበት። በዚህ ዕድሜያቸው የኮሶ ማደግ ይጠብቃሉ! እንዲህ ያለ ልብ ከየት ይገኛል?

ያቺ ጎረቤታችን ዙቤዳ አይደለችም፣ እንስራዋን አዝላ ወደ ምንጩ የምትወጣው? አንገቷን ደፍታለች፤ አልሰማችም ማለት ነው። ሮጬ ልድረስባት። ዙቤዳ! ኧረ ቁሚ፣ ምሥራች ይዣለሁ!