በማጭድ የፈለግኳት ማግኔት

ልጄ አንድ እግሯ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ደካማ ነው። አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ካለ ጤና ኬላ ሥራ ስታገኝ አክስቷ ከጅዳ ሆና የኤሌክትሪክ ሳይክል ገዛችላት። መንገዱ ዳገት ነው፤ በክረምት ባጃጅ አይደፍረውም፤ በእግሯ ደግሞ አትችለውም። በዝናቡ ምክንያት አርፍዳ ስለነበር አለቃዋ ሰኞ ጠዋት ካልተገኘች ቦታውን ለሌላ እንደሚሰጥ ነገራት።

ቅዳሜ ሳይክሏን እየገፋች፣ ጭቃ በጭቃ ሆና ገባች።

«እማየ፣ ሞተሩ ይነሳና ወዲያው ይጠፋል።»

ሐይቅ ከተማ ያለው ሳይክል ጠጋኝ የኋላውን ጎማ አዙሮ አዙሮ ተመለከተ።

«እናቴ፣ ማግኔቷ ወድቃለች» አለኝ።

«ባትሪ አላት አይደል? ማግኔት ምን ያደርግላታል?»

«እዚች ቀጭን ሽቦ፣ ራጂዋ ላይ ነበረች። ጎማው በዞረ ቁጥር ብረቱ ላይ በተገጠመች በዚች መቁጠሪያ ዓይን ፊት ታልፋለች። ዓይኗ ካላየቻት ጎማው የቆመ ይመስላትና ሞተሩን ታጠፋዋለች።»

«ታዲያ ሌላ ግጠምላት የኔ ልጅ!»

ከተሰበረ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ ቁራጭ አውጥቶ ሞከረ፤ ወፍራም ሆና ከብረቱ ጋር ተጋጨች። ደሴ ደወለ። ከነጎማው ካልሆነ ለብቻዋ አትሸጥም፣ ያውም ከአዲስ አበባ ታዝዛ ነው አሉት። ልጄ አንገቷን ደፋች።

ትምህርቴን ገና ከአራተኛ ክፍል ነው የተውኩት፤ ማግኔት ብረት እንደሚወድ ግን አልረሳሁም። እሑድ ጠዋት ማጭድ በገመድ አስሬ ልጄ የመጣችበትን መንገድ ጭቃውን እየጎተትኩ ፈለግሁ። ጥቁር ነገር ባየሁ ቁጥር ልቤ ይዘላል፤ ጎንበስ ስል የፍየል በጠጥ ነው። ያ ረቢ፣ ያ ረቢ እያልኩ እሄዳለሁ።

ጎረቤቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አየችኝ።

«አንቺ፣ ማጭድሽ ምን በደለሽና ነው እንደ በግ የምትጎትቺው?»

«ማግኔት እያጠመድኩበት ነው።»

«ከሐይቁ ወርደሽ ዓሣ ብታጠምጂ አይሻልም?»

ሳቀች። ፊቴን ስታይ ግን ሳቋን ዋጠችው። ነገሩን ስነግራት ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ በወዲያኛው ቦይ ገባች። አብረን ዳገቱን ጨረስን። ማጭዱ ላይ ከጭቃ በቀር የተጣበቀ የለም።

አስር ሰዓት ሲደርስ ቤት ገብቼ ማጭዱን መደቡ ላይ ወረወርኩት። ልጄ ዓይኗ አብጧል፤ ስታለቅስ ነው የዋለችው። ለሶላት ውዱእ ልታደርግ ሻርፗን ፈታች። መርፌ ጨርቁን እንዳይቀደው ብላ አክስቷ የላከችላት፣ ሻርፗን አገጯ ሥር የምታይዝባት ነገር አለች፤ ሁለት ትናንሽ ክብ ቁልፎች ይመስላሉ፣ አንዷ ከጨርቁ ሥር አንዷ ከላይ ሆነው ይነካከሳሉ። መደቡ ላይ ስታስቀምጣቸው ቀጭ ብለው ማጭዱ ላይ ተለጠፉ።

ስንት ጊዜ በእጄ አጥቤያቸዋለሁ፤ ማግኔት ናቸው ብዬ አስቤ አላውቅም።

«አንቺ ልጅ፣ ሳይክሏን ገልብጫት!»

አንዷን ከራጂዋ ወዲህ፣ አንዷን ወዲያ አድርገን አናከስናቸው። ጎማውን ስናዞረው ተንሸራትተው ወደቁ። በክር ጠምጥሜ ልጄ ለቁስል የምትጠቀምበትን ፕላስተር ደረብኩበት። አሁንም መሪዋ ላይ ፍጥነት የምታሳየው መስታወት ቁጥሯ ዜሮ ነው። ወደ ላይ፣ ወደ ታች እያደረግን ከዓይኗ ትክክል ስናመጣቸው ቁጥሩ ተነሳ። ልጄ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እኔ ግን ፕላስተሩ በውሃ ይለቅ ይሆን እያልኩ ነበር።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ሻርፗን በተራ መርፌ አስይዛ ሄደች። ባጃጅ ቢሆን ከጩኸቱ የት እንደደረሰ ይታወቃል፤ ይቺ ግን ድምፅ የላትም። ከጥምዝምዙ ጀርባ ስትሰወር በቃ፣ ትሂድ ትቁም አላውቅም። ስትደርስ ሚስኮል እንድታደርግ ተስማምተናል። ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ መንገዱ ዳር ቆምኩ። ዝናብ ማካፋት ጀመረ፤ ስልኩን ከጡቴ ከተትኩት።

አንዴ ጮኾ ተቋረጠ።

አልሐምዱሊላህ አልኩ። ደርሳለች። ግን ማታ ደግሞ ቁልቁለቱ አለ፤ ዝናቡም አላባራም። ማጭዴን ከቤት አንስቼ የወደቀችውን ማግኔት ልፈልግ እንደገና ወደ መንገዱ ወረድኩ።