ነጠላ ሰረዝና አማቷ

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሌላው ሁሉ «ነጠላ ሰረዝ» ነው የሚላት። ስሙን ያወጣላት የማሽን ክፍሉ ፎርማን ነው። አንድ ቀን ቀለሙ ተሞልቶ ማሽኑ መዞር ከጀመረ በኋላ፣ ይቺ አጭርና ቀጭን ሴት አንገቷን ዘንበል አድርጋ እየሮጠች መጣችና፣ «አቁሙት፣ ነጠላ ሰረዝ ቀርታለች» አለች። ፎርማኑ ማሽኑን አቁሞ ከላይ እስከ ታች አያትና፣ «የለም፣ አልቀረችም፤ ይኸው እየሮጠች መጣች» አለ። ሠራተኛው ሳቀ፤ እሷም ሳቀች፤ ስሙ ግን እንደ ቀለም እድፍ ተጣብቆባት ቀረ።

ሥራዋ አራሚነት ነው። ከእህል ጠጠር እንደሚለቀም፣ የሌላ ሰው ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ግድፈቱን ትለቅማለች። ቀኑን ሙሉ የሰው ስሕተት ስትለቅም የምትውል ሴት የራሷ ጽሑፍ ይኖራታል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። ግን ነበራት። ለመጣል በተዘጋጁ የማረሚያ ወረቀቶች ጀርባ ላይ አጫጭር ታሪኮች እየጻፈች መሳቢያዋ ውስጥ ታስቀምጥ ነበር። ታዲያ እዚያው የሚታተም ሳምንታዊ ጋዜጣ አንድ ማስታወቂያ በመጨረሻው ሰዓት ተሰረዘበትና ገጹ ባዶ ቀረ። አዘጋጁ ፀጉሩን ሲነጭ አየችውና ከመሳቢያዋ ሁለት ቅጠል ወረቀት አውጥታ፣ «ምናልባት ልኩ ይሆናል» ብላ ሰጠችው። ልኩ ሆነ። ከዚያ ወዲያ አዘጋጁ ማስታወቂያ ባይሰረዝበትም ይጠይቃት ጀመር።

መጦሪያ ቤቱን ያወቀችውም በሥራ ምክንያት ነው። ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን ሰብስቦ የሚያኖር ትንሽ የበጎ አድራጎት ቤት ነበር። ለእርዳታ ማሰባሰቢያ ያሳተመውን በራሪ ወረቀት እንድታደርስ ተላከች። ጥቅሉን ለነርሷ አስረክባ ልትወጣ ስትል፣ በረንዳው ላይ አንድ ሽማግሌ ጋዜጣ ገልብጠው ይዘው አየች። ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና ላይ የፈጁ ሾፌር ነበሩ።

«ገልብጠውታል እኮ አባባ» ብትላቸው፣ «መነጽሬ ከተሰበረ ወዲህ ቀናውም ግልባጩም አንድ ሆኖብኛል» አሏት።

አጠገባቸው ቁጭ ብላ አነበበችላቸው። የመጨረሻው ገጽ ላይ ስትደርስ የራሷ ታሪክ ጠበቃት። የማን እንደሆነ ሳትናገር እሱንም አነበበችው። ገና ሳይጋመስ ሾፌሩ አንኮራፉ። ሌላ ሰው ቢሆን ይከፋው ነበር። እሷ ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ የተሻለ ታሪክ ይዛ ተመለሰች።

እንዲህ እንዲህ እያለ ቅዳሜ ከሰዓት የመጦሪያ ቤቱ ሆነ። ታሪኮቹ ተጠራቅመው መጽሐፍ ለመሆን ሲበቁ ማተሚያ ቤቱ በሙሉ ተረባረበላት። ፎርማኑ ከትልልቅ ሥራ የተረፈ ወረቀት አስፈቀደላት፤ የጥራዝ ክፍል ሴቶች በምሳ ሰዓታቸው ሰፉላት። እሷም ገቢው ለአረጋውያኑ እንደሚውል ሽፋኑ ጀርባ ላይ አስጻፈች። መጽሐፉ እንደ ትኩስ ዳቦ ተቸበቸበ ማለት ውሸት ይሆናል፤ ግን ተሸጠ። ከሽያጩ መጀመሪያ የተገዛው የሾፌሩ መነጽር ነው። ሾፌሩ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አነበቡት፤ ቢሆንም ቅዳሜ ቅዳሜ ወንበራቸውን ከፊት ማድረጋቸውን አልተዉም። ለምን ሲባሉ፣ ማንበብ ለብቻ መብላት ነው ይሉ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን በገዛ ቤቷ ውስጥ አንድ ሰው ምንም አልሰማም ነበር፤ አማቷ።

ባሏ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ጨዋታ ወዳድ፣ ማታ ማታ አርፍዶ የሚገባ፣ የሰውን ቧንቧ ሲጠግን ውሎ የራሱ ቤት ቧንቧ የሚንጠባጠብበት ሰው። ታመመ በተባለ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሞተ። ልጅ አልወለዱም። ከቀብሩ በኋላ ዘመድ አዝማድ ሁለቱን ሴቶች እያየ የየራሱን ገመተ። ምራቲቱ ገና ልጅ ናት፣ ወደ ወላጆቿ ትመለሳለች የሚል ነበር። እናቲቱ ሌላ ከተማ የምትኖር ሴት ልጃቸው ዘንድ ይገባሉ የሚልም ነበር። ሁለቱም አልሄዱም። እንሂድም፣ እንቆይም ሳይባባሉ፣ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ፣ አንዷ የሌላዋን ኮቴና የሻይ ስኳር እንዳወቀች ዓመታት አለፉ። ስለ ሟቹ ግን አይነጋገሩም። ስሙ ከተነሣ ሌላዋ የምትሰበር ይመስላቸው ነበር።

እማማ ማንበብ አይችሉም። ምራታቸው ጠረጴዛው ላይ ስታቀረቅር ሲያዩ፣ ይሄ መሥሪያ ቤት ሥራውን አልጨርስ ብሎ ቤት ድረስ ይከተላታል እያሉ ማጉረምረም እንጂ ሌላ አይጠረጥሩም። ቅዳሜ ሽማግሌ ልትጠይቅ እንደምትሄድ ያውቃሉ፤ ጽድቅ ነው ብለው ይመርቋታል። እዚያ ምን እንደምታነብ ጠይቀዋት አያውቁም፤ እሷም አልነገረቻቸውም። ያልነገረችበት ምክንያት ነበራት።

ከመጽሐፉ ውስጥ ሰው ሁሉ አብልጦ የሚወደው የሹራቡን ታሪክ ነው። አንዲት አሮጊት ናቸው፤ ምራታቸው ለሰው እንዳትሰጥባቸው ብለው የሞተ ልጃቸውን ሹራብ ሣጥን ሥር ይደብቃሉ። ምራቲቱ ሥራ ስትወጣ ያወጡትና ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ «ዛሬም አመሸህ አይደል? ሾርባው ቀዘቀዘ» እያሉ ይቆጡታል። ይህን ነጠላ ሰረዝ ከልቧ አላመነጨችውም። አንድ ቀን ራሷን አሟት ከሥራ ቀድማ ስትመለስ በበሩ ክፍተት ያየችው ነው። ያን ቀን ኮቴዋን አጥፍታ ወደ ግቢው በር ተመለሰች፤ እዚያ ጥቂት ቆመች፤ ከዚያ እያሳለች ገባች። እማማ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሣጥኑ ተዘግቷል።

አሁን የምንናገርለት ቅዳሜ የእማማ ጉልበት አብጦ ነበር። ሌላ ጊዜ አብራቸው የምትውለው ጎረቤት ልጇን ልታርስ ሄዳለች። ብቻቸውን መተው አላስቻላትምና አየር ይለውጡ ብላ በታክሲ ይዛቸው ሄደች። ጠንቀቅ ብላም ስለ አንድ ሰዓት ሠሪ የጻፈችውን ሌላ ታሪክ በቦርሳዋ ያዘች።

የመጦሪያ ቤቱ መመገቢያ ክፍል ሳሙናና የተቀቀለ ድንች ይሸታል። ጠረጴዛዎቹ ወደ ግድግዳው ተገፍተው ወንበሮቹ ተደርድረዋል። እማማ ዱላቸውን ጉልበታቸው መሐል አቁመው መስኮቱ ሥር ተቀመጡ። ገና የሰዓት ሠሪውን ስትጀምር ሾፌሩ እጃቸውን አነሡ።

«ሰዓት ሠሪው ይቆየን» አሉ። «ዛሬ እንግዳ አለን። እንግዳ የሚሰማው የሹራቡን ነው።»

ሌሎቹም ተቀበሏቸው። በቅርቡ ተነብቧል አለች፤ አልሰሟትም። ጉሮሮዬን ይዞኛል አለች፤ ነርሷ ውኃ አመጣችላት። በመጨረሻ እማማ ራሳቸው ከመስኮቱ ሥር፣ ትልቅ ሰው ሲለምን እንቢ አይባልም ብለው ገሠጿት። ምን ታድርግ፤ መጽሐፉን ገለጠች።

ዓይኗን ከገጹ ሳታነሣ አነበበች። ሣጥኑ የሚከፈትበት ጋ ስትደርስ አንዱን አንቀጽ አለፍ ብላ ወደሚቀጥለው ተሻገረች።

«ዘለልሽ» አሉ ሾፌሩ። «ሾርባው ቀርቷል።»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። የሰው ግድፈት ስትይዝ የኖረች ሴት የራሷ ተያዘባት። ተመልሳ የሾርባውን አነበበችው። እንደ ወትሮው ሰዎቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥሎ ዝም አሉ፤ ከኋላ አንዲት ሴት አፍንጫቸውን ጠረጉ። ታሪኩ ሲያልቅ ቀና ብላ ወደ መስኮቱ አየች። እማማ ፊታቸውን ወደ ውጭ መልሰው ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ተቀምጠዋል። ነርሷ ሻይ አቀረበችላቸውና የምራታቸውን ንባብ እንዴት እንዳገኙት ጠየቀቻቸው። «ጥሩ ድምፅ አላት» አሉ። ሌላ ቃል አልተነፈሱም፤ ታክሲው ውስጥም፣ ቤትም።

እሑድ ጠዋት ነጠላ ሰረዝ ልብስ አጥባ ግቢ ውስጥ ታሰጣለች። እማማ ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥተው ጉልበታቸውን ፀሐይ ያሞቃሉ።

«የጻፍሽው አንቺ ነሽ?» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

«ማን ነገረሽ?»

«አየሁዎት እማማ። አንድ ቀን ቀድሜ መጥቼ። ልነግርዎት ይገባ ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ።»

እማማ ይቅርታውን የሰሙም አይመስሉ።

«ስሕተት አለበት» አሉ።

ይህን ቃል ሰምታ ዝም ማለት አትችልበትም። «የቱ ጋ?»

«ለሰው እንዳትሰጥባቸው ብለው ደበቁት ያልሽው ጋ። አንቺ የሰው ዕቃ ሳታስፈቅጂ እንደማትሰጪ አላውቅም? የደበቅኩት አንቺ እንዳታዪው ነው። ካየሽው ሐዘንሽ ይነሣል፤ ሐዘንሽ ከተነሣ ይሄ ቤት ያስጠላሻል፤ ትሄጃለሽ አልኩ።»

እርጥብ አንሶላ እንደያዘች ቆመች። ውኃው ጫማዋ ላይ ይንጠባጠባል።

«የት እሄዳለሁ እማማ?»

«ልጅ ነበርሽ። ሰው ሁሉ ትሄዳለች ይል ነበር። አመሻሽ ላይ የግቢው በር እስኪንኳኳ ድረስ ነፍሴ በእጄ ነበረች።»

አንሶላውን ገመዱ ላይ ጣል አድርጋ መጥታ ደጃፉ ላይ፣ እግራቸው ሥር ተቀመጠች።

«እኔ ደግሞ እርስዎ ልጅዎ ዘንድ ይሄዳሉ ብዬ ነበር የምፈራው» አለች። «ስሙን የማልጠራው ለዚያ ነው። ባነሣብዎት ይህን ቤት የሚጠሉት መስሎኝ።»

እማማ አዩዋት። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እያለቀሱ መስሏት ደነገጠች። እየሳቁ ነበር።

«ሁለት ሞኝ አንድ ቤት ውስጥ» አሉ። «ነይ ደግፊኝ፤ ሣጥኑን እንክፈተው።»

ሹራቡ አሮጌ ሻርፕ ውስጥ ተጠቅልሎ ከሥር ተኝቷል። ጥቁር ሰማያዊ ነው። ዘርግተው ወደ ብርሃን ሲያነሡት ደረቱ ላይ፣ ክንዱ ላይ፣ በየቦታው ቀዳዳው ታየ።

«ብል በላው» አሉ እማማ። «ይኸውልሽ፣ ካንቺ ደብቄ ለብል ሰጠሁት።»

ያን ቀን ልብሱ ግማሹ ሳይሰጣ ዋለ። ሁለቱ ሴቶች አልጋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ እሱ ሲያወሩ ምሳ አለፋቸው። እማማ በልጅነቱ ያጠፋውን ሁሉ አንድ በአንድ አነሡ፤ እሷም ባልነቱን አወጋቻቸው። ለእናቱ ያልነገራቸው ብዙ ነገር ነበረ። ለጋብቻ ሊጠይቃት የመጣ ሰሞን የወላጆቿን ቤት ቧንቧ ሊጠግን ገብቶ ሳሎኑን በውኃ ማጥለቅለቁን ስትነግራቸው፣ እማማ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አለቀሱም። ማን ቀድማ እንዳለቀሰች ኋላ ሁለቱም አያስታውሱትም። ሹራቡንም ቀለሙን በሚመስል ክር ነጠላ ሰረዝ ጠቃቅማ ከበሩ ጀርባ ሰቀለችው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እማማ ማንም ሳይጠራቸው ለብሰው ተዘጋጅተው ጠበቋት። መጦሪያ ቤቱ ሲደርሱ ምራታቸው መጽሐፏን ሳትገልጥ ተነሥተው ቆሙ። የሹራቡ አሮጊት እሳቸው መሆናቸውን፣ ምራታቸው ደህና አድርጋ እንደጻፈችው፣ ነገር ግን የደበቁበትን ምክንያት እንዳላወቀች አስረዱ። ከዚያም ራሳቸው ተረኩት። ሲጨርሱ ክርክር ተነሣ። ግማሹ የእማማ ይበልጣል አለ። ሾፌሩ ግን የመጽሐፉን ለውጡ ቢባሉ አሻፈረኝ አሉ።

«እመቤቴ፣ የእርስዎ እውነት ነው» አሉ ሾፌሩ፣ «እኔ ግን የለመድኩት የእሷን ነው።»

«እውነቱን ይልመዱታ» አሉ እማማ።

በዚህ ተጣልተው፣ በዚሁ ተወዳጁ። ከዚያ ወዲያ ሾፌሩ ከፊት ረድፍ ለእማማ ወንበር መያዝ ጀመሩ፤ ወንበሩ ላይ ኮፍያቸውን ያኖሩበታል፤ እማማ ደግሞ በየሳምንቱ ኮፍያው ማደፉን ሳይነግሯቸው አይቀመጡም። ንባቡ ሲያልቅ የእማማ ወግ ይቀጥላል። ሴቶቹ ከበው ያስወሯቸዋል። ነጠላ ሰረዝም ጥግ ላይ ተቀምጣ ትጽፋለች። አሁን ግን አስፈቅዳ ነው።

መጽሐፉ አልቆ እንደገና ሊታተም ሲል፣ ፎርማኑ የሹራቡ ታሪክ ይታረም እንደሆነ ጠየቃት። ይህን ያህል ዘመን አንዲት ነጠብጣብ እንኳ ስታልፍ አይቷት አያውቅም። እሷ ግን ባለበት ይሁን አለች። ያን ጊዜ የምታውቀው ያን ነበር። ከእሱ ቀጥሎ ሌላ ታሪክ፣ እማማ እንደተናገሩት፣ በእሳቸው አንደበት አስገባች። ከሁለተኛው እትም ገቢ መጦሪያ ቤቱ ለክረምት ብርድ ልብስ ገዛ፤ ብርድ ልብሶቹን ሲያድሉ የዋሉት እማማ ናቸው፤ ለሾፌሩ መጨረሻ ላይ ሰጧቸው።

በዚያው ክረምት አንድ ቅዳሜ ነጠላ ሰረዝ ጉንፋን ይዟት ድምፅዋ ጭራሽ ተዘጋ። ዛሬ ይቅር ብላ በምልክት ብትነግራቸው እማማ አልሰማ አሉ። ሰዎቹ ይጠብቃሉ አሏት። አንገቷን በሻርፕ ጠቅልለው፣ ሻይዋን አጠገቧ አስቀምጠው፣ ደንበኛቸው የሆነውን ባለ ታክሲ አስጠርተው ብቻቸውን ሄዱ።

ሲመለሱ ጉንጫቸው በብርዱ ቀልቷል። ጫማቸውን ሳያወልቁ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ሾፌሩ ዛሬ ምን እንዳሉኝ ብነግርሽ አታምኚኝም» አሉ።

ድምፅ አልነበራትም። ትራሱን ከፍ አድርጋ ተደገፈችና፣ ቀጥሉ ብላ በእጇ ምልክት ሰጠቻቸው።