የገለባው ጥጃ

ባለቤቴ ሚሊሺያ ሆኖ ዘምቶ፣ እኔ መዘዞ ከአማቼ ጋር ሳለሁ ሕፃኑ ልጄ ሞተ። ከቀበርነው ወዲህ ድካም ተጫነኝ። ከመደብ አልነሣም፤ የአምስት ዓመቷን ብርቄን እንኳ አላቅፋትም። “ወንድሜ መቼ ይመጣል?” ስትለኝ መልሱ ይጨንቀኛል።

በዚያው ሰሞን የላማችን ጥጃ ሞተና ላሚቱ አልታለብም አለች። አማቼ የጥጃውን ቆዳ ገፈው፣ ገለባ ጠቅጥቀው፣ ጨው ነስንሰው አጠገቧ አቆሙላት። እሱን እየላሰች ታለበች።

ለብርቄ ሞትን ለማስረዳት ይጠቅመኛል ብዬ፣ እንደምንም ተነሥቼ በሩ ላይ ይዣት ቆምኩ።

“አየሽ፣ ጥጃው ሞቷል። የሞተ አይመለስም።”

“ገለባ መሆኑን አታውቅም?”

“ሳታውቅ አትቀርም።”

“ታዲያ ለምን ትልሰዋለች?”

“ሽታው የልጇ ነዋ። ትንሽ ይሻላታል።”

አማቼ ወተቱን ይዘው ሲያልፉ፣ “ላሚቱስ ተጽናናች፤ አንቺ መቼ ነው?” አሉኝ። ተመልሼ ተኛሁ።

በማግስቱ አንድ ነገር ደረቴ ላይ ወጣብኝ። ደንግጬ ጋቢውን ከፊቴ ብገልጥ ብርቄ ናት። የወንድሟን መጠቅለያ ጨርቅ ተከናንባለች፤ ጉንጯ ርሶ ነጫጭ ነገር ተለጥፎበታል።

“ምንድን ነው ፊትሽ ላይ?”

“ጨው ነው። እማዬ፣ አሽትቺኝ።”