በመርሳ አስፋልት ዳር ብስክሌት ስለምድ

የልብስ ስፌት ቤቴ መርሳ ከተማ መሀል፣ ከዋናው አስፋልት ዳር ነው። መኖሪያችን ደግሞ ከማዶ። ምሳ በልቼ ለመመለስ መንገዱን መሻገር ነበረብኝ። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚበረው ሚኒባስ፣ ጭነት መኪናው፣ ባጃጁ፣ ጋሪው፣ በገበያ ቀን ደግሞ አህያው ሁሉ በዚያችው አስፋልት ይጋፋል። ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ፣ ደፋር ከመሰለኝ ሰው ኋላ ተለጥፌ እሮጥ ነበር።

አንድ ጊዜ ማዘጋጃ ቤቱ መንገዱን እንደ አዲስ ላስተካክል ነው ብሎ ስብሰባ ጠራን። ከወልድያ የመጣች ወጣት ኢንጂነር ንድፉን ግድግዳ ላይ ለጥፋ አስረዳችን፤ በግራና በቀኝ የእግረኛ መንገድ፣ ከእሱ ቀጥሎ የብስክሌት መስመር፣ ገበያው ፊት ዜብራና የመኪና ፍጥነት የሚገታ ጉብታ።

መጀመሪያ እጁን ያወጣው ባለቤቴ ነው። የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ጉብታ የሚባል ነገር ገና ሲሰማ ወገቡን ያመዋል።

«እህቴ፣ ለብስክሌት የምትሰጪው እኮ ከኛ መንገድ ላይ ቆርሰሽ ነው። ለመሆኑ እዚህ ከተማ ብስክሌት የሚነዳው ማነው?»

«እኔ አለሁ!» አሉ ከኋላ አንድ አዛውንት። የሱቅ ጎረቤቴ፣ እህል ነጋዴው ሐጂ ናቸው። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ከብስክሌት ወርደው አያውቁም።

«አንቱማ አንድ ሰው ነዎት፣ ሐጂ» አለ ባለቤቴ።

«አንድም ብሆን ነፍስ አለኝ፣ ወላሂ!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቄን ሳልጨርስ ተነሳሁና «አንተስ ብትሆን ከመኪናህ ስትወርድ እግረኛ አይደለህም?» አልኩት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። የዚያን ቀን እራት ላይ አኩርፎኝ ነበር። ወጡን ግን ሁለቴ አስጨምሯል።

መንገዱ ተሠራ። ሚኒባሶቹ ገበያው ፊት ሲደርሱ እንደ ሰርግ መኪና ዝግ እያሉ ማለፍ ጀመሩ፤ እኔም ከጎኔ ካለው ሰው ጋር እያወራሁ በእርጋታ መሻገር ለመድኩ። የብስክሌቱ መስመር ግን ወዲያው ሌላ ባለቤት አገኘ። ባጃጆች ቆሙበት፣ ሽንኩርት ሻጮች ማዳበሪያቸውን አነጠፉበት። ሐጂ ጧት ጧት ደወላቸውን እያንቃጨሉ «ኧረ በአላህ፣ አሳልፉኝ!» ሲሉ ይሰማኛል።

ኢንጂነሯ ሥራውን ልታይ ተመልሳ መጣች። ሱቄ በር ላይ ቆማ «ሰው ካልነዳበት መኪና ይቁምበት የሚሉ አሉ» አለችኝ። ከፍቷታል። ሐጂ ሰምተው ወደኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ብስክሌት ትችያለሽ?»

«በዚህ ዕድሜዬ፣ ሐጂ?»

«እኔን እያየሽ ነው ዕድሜ የምትይው?»

ሳቅኩ፤ ነገሩ ግን ከልቤ አልወጣም። ልጅ ሆኜ ወንድሞቼ ሲነዱ እኔ ከኋላ ነበር የምጫነው። ለባለቤቴ ስነግረው በደንብ አድርጎ ሳቀብኝ። እሁድ ከሰዓት ግን የሐጂን ብስክሌት ተውሶ፣ ኳስ ሜዳው ላይ መቀመጫውን ከኋላ ይዞልኝ ይሮጥ ነበር።

«ፊት ለፊት እዪ! ጎማውን አትዪ!»

«እንዳትለቀኝ!»

«አልለቅሽም!» የሚለው ድምፁ ከሩቅ መጣ። ዞር ስል ሜዳው መሀል ቆሞ እጁን ያውለበልባል። ወዲያው ወደቅኩ። በድንጋጤ ይሁን በሳቅ እስካሁን አላውቅም።

ጉልበቴ ሲሽርልኝ አንዲት አሮጌ ብስክሌት ገዛሁና፣ ከቀሚሴ ሥር ሱሪ አድርጌ ከሐጂ ኋላ ወደ አስፋልቱ ወጣሁ። ሽንኩርት ሻጯ ስታየኝ አፏን ይዛ ቀረች። «ውይ! ልብስ ሰፊዋ ናት እንዴ?» አለችና ማዳበሪያዋን ወደ ራሷ ሳበችልኝ። አንዱ ባለባጃጅም ገለል እያለ «ማዘር፣ ፍሬን አለው?» ብሎ ጮኸ።

«ፍሬንስ አለው፤ እኔ ነኝ የማልችልበት!»

ከኔ በኋላ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ወጣች፤ ቀጥሎ አስተማሪዎች፣ ከዚያ ተማሪው ሁሉ። ኢንጂነሯ ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ መስመሩ ለመኪና ይሁን የሚል ሰው አልነበረም። እንዲያውም መኪና እንዳይገባበት ዳር ዳሩን አጫጭር ምሰሶ አስተከለች፤ ለባጃጆቹም መናኸሪያው አጠገብ የራሳቸው ማቆሚያ ተሰጣቸው።

ባለቤቴ ጉብታውን ዛሬም አይወደውም። ወደ ወልድያ ጭኖ በላዩ ባለፈ ቁጥር ያጉረመርማል። ባለፈው ሳምንት ግን ከኋላው ክላክስ የሚያስጮህበትን ሾፌር በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ወንድሜ፣ ሰው እየተሻገረ ነው፤ አይታይህም?» ሲለው ሱቄ በር ላይ ሆኜ በጆሮዬ ሰማሁ። ማታ ወጡን ሳይጠይቀኝ ጨመርኩለት። አሁን ለራሱም ብስክሌት እያፈላለገ ነው፤ ጎማው ወፍራም ካልሆነ ግን አልነዳም ይላል።